ፈረንጅ ፊት የለውም የሚባለው እውነት ነው? ቦርሳ አዝላችሁ አውሮፓን የዞራችሁ መልሱልኝ

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄ አለኝ፤ የምሟገትለት ሐሳብም አለኝ።

የአውሮፓ ሰው ፊት አይሰጥም፣ ጎረቤቱን እንኳ አያውቅም ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እዚህ ጀርመን ከመጣሁ በኋላም ከሀበሻ አፍ የምሰማው ይህንኑ ነው። እኔ ግን አልቀበለውም። በሩን የሚዘጋብን የራሳችን ጥድፊያ ነው ባይ ነኝ። ሰኞ ፓሪስ፣ ረቡዕ ሚላኖ፣ ዓርብ ባርሴሎና እያለ የሚሮጥ መንገደኛ የሚያገኘው አስተናጋጅና ትኬት ተቆጣጣሪ ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው። ቁጭ ብለው ሊያጫውቱት አይችሉም።

ባለፈው ሐምሌ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወጣን። አንዱ ስቶክሆልም ይኖራል፣ ሌላዋ ከዋሽንግተን መጣች። ፈጣን ባቡር ላለመሳፈር ተስማማን። ከኦስትሪያዋ ቪላክ ተነስተን፣ ረጅሙን ዋሻ አልፈን፣ የሴኒትሴ የምትባል የስሎቬኒያ ከተማ ደረስን። ከዚያ ወደ ኖቫ ጎሪትሳ የሚወርደውን አሮጌ መስመር ያዝን። መስመሩ የተከፈተው በ1906 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ባቡሩ በየመንደሩ ይቆማል። ተራራውን ሰርስሮ ይወጣና ሶቻ የሚባለውን አረንጓዴ ወንዝ ተከትሎ ይወርዳል። ሶልካን ላይ የሚሻገርበት ድልድይ 85 ሜትር ስፋት ያለው አንድ የድንጋይ ቅስት አለው። ለባቡር ከተሠሩት የድንጋይ ቅስት ድልድዮች በዓለም ይህን የሚያህል የለም።

ባቡሩ ሞልቶ ስለነበር ሦስታችንም የተቀመጥነው ተለያይተን ነው። ጓደኛዬ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠች። ጭናቸው ላይ ባዶ የማር ብልቃጦች የሞሉበት ካርቶን ይዘው ነበር። ከየት ናችሁ አሏት። ኢትዮጵያ ስትላቸው ሰውዬው ተለወጡ። ኢትዮጵያ ማር በማምረት ከአፍሪካ ቀዳሚ እንደሆነች ያውቃሉ። እሳቸውም ንብ አናቢ ናቸው። ቦሂንስካ ቢስትሪትሳ ጣቢያ ሲደርሱ ኑ ውረዱ አሉን፤ ቀጣዩን ባቡር ትይዛላችሁ አሉ። ወረድን።

ከቤታቸው ጀርባ ትንሽ የእንጨት ቤት አለች። ግድግዳዋ በቀፎ የተደረደረ ነው፤ የየቀፎው ግንባር ላይ ሥዕል አለ። ቅዱሳን፣ አዳኞች፣ ሚስቱን የሚሸከም ባል። ይህ የሥዕል ልማድ በስሎቬኒያ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። የልጅ ልጃቸው እንግሊዝኛ ትችል ስለነበር እያስተረጎሙ አስረዱን። ንባቸው ግራጫ ነች፣ ገራም ነች፤ ያለ መከላከያ ልብስ ነው የሚከፍቷት። ግንቦት 20 የዓለም የንብ ቀን የሆነው በእነሱ አገር ሰው ምክንያት እንደሆነ በኩራት ነገሩን። አንቶን ያንሻ የሚባል በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ንብ አናቢ ነው፤ ቪየና ሄዶ ንብ ማነብ ያስተማረ። የተባበሩት መንግሥታት ቀኑን ያወጀው በ2017 ነው። (ግንቦት የምለው የፈረንጁን ሜይ ነው።) እኛም በተራችን ዛፍ ላይ ስለሚሰቀለው ቀፎና ስለ ጠጅ አወራን። ስለ ጌሾ ሲሰሙ ወረቀት አምጥተው ጻፉ። ሚስታቸው ሾርባና ዳቦ አቀረቡልን። ባቡሩ አመለጠን፤ ቀጣዩም አመለጠን። የጉዟችን ምርጥ ቀን ያ ነበር።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። እናንተስ የት አገር፣ በምን አጋጣሚ የአካባቢው ሰው በሩን ከፈተላችሁ? ከጓደኞች ጋር ስትሄዱ ይቀላል ወይስ ይከብዳል?

የውይይቱ ክር ስለረዘመ አዲስ ለሚገቡት የመጡትን መልሶች በየተራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች እተርካለሁ።

መልስ 1

ከሰሜን ስዊድን የጻፈች እህት ናት። በግማሹ ትስማማለች። እዚያ ሰው ቀድሞ አያናግርም፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገብህ ወንበር ቢኖርም ሄዶ ብቻውን መቀመጥን ይመርጣል ትላለች። ቀድመህ ከጠየቅኸው ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ከጓደኞቿ ጋር በእግር ሲጓዙ ውሃ ለመለመን አንድ ቤት አንኳኩ። ባልና ሚስቱ ውሃውን ሰጡ፣ ቡና አፈሉ፣ ከዚያም ድንኳን የሚተከልበት ሐይቅ ዳር ድረስ አብረዋቸው ሄዱ።

ድንኳኑን የት ፈቅደውላችሁ ነው ለሚል ሰው አስቀድማ መልሳለች። በስዊድን ማንኛውም ሰው በሌላ ሰው መሬት ላይ መሄድ፣ የጫካ ፍሬና እንጉዳይ መልቀም፣ ለአንድ ሌሊት ድንኳን መትከል ይችላል። ይህ መብት ከ1994 ጀምሮ በሕገ መንግሥታቸው ሰፍሯል። ከሰው ቤት መራቅ፣ የተዘራ ማሳ አለመርገጥና ቆሻሻ አለመተው ግን ግዴታ ነው።

መልስ 2

ይህ ወንድም ሰላምታ የለውም፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ነው የገባው። ግን ከክሩ ሁሉ ጠቃሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ሰው ሁሉ የባቡር ፓስን (በአንድ ክፍያ ብዙ ባቡር የሚያሳፍረውን ትኬት) ኢንተርሬይል እያለ በጅምላ ይጠራዋል፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ይላል። ኢንተርሬይል አውሮፓ ውስጥ ለሚኖሩ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው የሚገዛው ዩሬይል ይባላል። ዩሬይል በ1959፣ ኢንተርሬይል በ1972 ነው የተጀመሩት። ሁለቱም በ33 አገሮች ይሠራሉ፤ እስከ 27 ዓመት ለሆነው ደግሞ ይረክሳሉ።

ወሳኙ ነጥብ የሚከተለው ነው። የሚታየው የምትኖርበት አገር ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘህ ጀርመን በመኖሪያ ፈቃድ የምትኖር ከሆነ ኢንተርሬይል ይገባሃል። ኢንተርሬይል የያዘ ሰው በሚኖርበት አገር ውስጥ እንደልቡ አይሳፈርም፤ ለመውጫና ለመመለሻ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። በተጨማሪም በፈረንሳይ፣ በስፔንና በጣልያን ፈጣን ባቡሮች ላይ ፓሱ ብቻውን አይበቃም፤ ወንበር በክፍያ ማስያዝ ግድ ነው። በቀርፋፋዎቹ የክልል ባቡሮች ላይ ግን ማስያዝ የለም። ስለዚህ ቀስ ብሎ መሄድ ለኪስም ይጠቅማል ብሎ ጨረሰ። ሐሳቤን ከኔ በተሻለ ነው የደገፈው።

መልስ 3

ከአዲስ አበባ የጻፈ ወጣት ነው። ቃናው እዚህ ላይ ይቀየራል። ስለ ቀርፋፋ ባቡርና ስለ ማር የምታወሩት ግቢው ውስጥ ስላላችሁ ነው ይላል። እሱ ከጓደኞቹ ጋር ለሸንገን ቪዛ፣ ማለትም በአንዱ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ለሚገባበት ቪዛ፣ አመልክቷል። 90 ዩሮ ከፍሏል፤ ብሩ ቢከለከልም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ገዝቷል። የባንክ ደብተር፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የሆቴል ቦታ ማስያዣ አቅርቧል። ተከለከለ። እኛን ቦርሳ አዝለን የሚቀበለን ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ቦርሳ አዝሎ መዞር እኮ ነገ የት እንደማድር አላውቅም ማለት ነው፤ ቆንስላው ደግሞ እያንዳንዱ ሌሊት የት እንደምታድር ይጠይቃል።

ይህ እውነት ነው፤ ምንም የሚጨመርበት የለም። የመክፈቻውን ጽሑፍ ለሚያነብ ሁሉ ይህን መልስ አብሮ እንዲያነብ እፈልጋለሁ።

መልስ 4

ከለንደን የሆነ ሰው ለመልስ 3 ሰጠ። ክፉ መልስ ነው። ሰው ደስታውን ሲያካፍል ለምን ታበላሻለህ፣ አገርህን መጀመሪያ ዙር የሚል ነው። ላሊበላንና ፋሲልን አይተህ ጨርሰሃል ወይ ብሎም ጠየቀው።

መልስ 5

የአዲስ አበባው ልጅ ወዲያው ተመለሰ። ላሊበላም ጎንደርም ደርሷል፤ አስጎብኚ ነው ሥራው። የዓለምን ሰው በአገሩ ሲቀበል የኖረ ሰው አንድ ቀን ደግሞ በተራው እንግዳ ልሁን ማለቱ ምኑ ነው ጥፋቱ አለ። የለንደኑ ሰው ከዚህ በኋላ ዝም አለ። ብዙ ሰው ለዚህ መልስ ልብ ሰጥቶታል፤ እኔም ሰጥቻለሁ።

መልስ 6

ነገሩን ያበረደችው ቪየና የምትኖር እህት ናት፤ ለሁለቱም ወንድሞቼ እያለች ነው የጻፈችው። ለአዲስ አበባው ልጅ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረች። ቪዛው ሲሳካለት አንድ ጊዜ መግቢያ ነው ወይስ ብዙ ጊዜ የሚለውን አስተውሎ ያንብብ። ስሎቬኒያ ሸንገን ውስጥ ናት። ክሮኤሺያም ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ገብታለች። ቦስኒያ ግን የለችበትም። አንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የያዘ ሰው ሞስታርን ልይ ብሎ ድንበሩን ከተሻገረ መመለሻ የለውም። ጓደኞቹ ሁሉ የአውሮፓ ፓስፖርት ስለያዙ ሳያስተውል ከእነሱ ጋር አውቶቡስ ላይ ወጥቶ፣ ክሮኤሺያ ድንበር ላይ ቀርቶ ያደረ ሰው ታውቃለች። ከተለያየ ወረቀት ጋር በቡድን የሚሄድ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ይነጋገር ትላለች። ወርቅ የሆነ ምክር ነው።

መልስ 7

ከዋሽንግተን አካባቢ የጻፉ እናት ናቸው። ወጣት ብቻ ነው ወይ ቦርሳ የሚያዝለው ብለው ጀመሩ። እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ጋር ስፔን ውስጥ የሳንቲያጎን የመንፈሳዊ ተጓዦች መንገድ በእግር ሄደዋል። የፈረንሳይ መንገድ የሚባለው ሙሉው መስመር ከፈረንሳይዋ ሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር ጀምሮ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እሳቸው የጀመሩት ከሳሪያ ነው፤ ከዚያ እስከ ሳንቲያጎ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በእግር ለሚሄድ መንገዱን ስለመጨረሱ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ቢያንስ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር ለሄደ ነው። መንገደኛው ክሬደንሲያል የሚባለውን የጉዞ ወረቀቱን በየማደሪያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየካፌው ማኅተም እያስመታ ይሄዳል።

ወሬያቸው የፍልሰታ ጾም ላይ ሲደርስ ነው ልብ የሚነካው። ነሐሴ ውስጥ ነበሩ። ስፔኖች የእመቤታችንን ዕርገት ኦገስት 15 ያከብራሉ፤ የሕዝብ በዓል ነው። እኛ ግን እስከ ነሐሴ 16 እንጾማለን፤ በፈረንጁ ኦገስት 22 መሆኑ ነው። በበዓሉ ቀን ያረፉበት መንደር አደባባይ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሥጋ ይጠበሳል። መንደርተኛው ኑ ብሉ አላቸው። እነሱም እየጾምን ነው፣ የምንጾመውም ለዚችው ማርያም ነው ብለው በምልክት አስረዱ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተነጋገሩና ጠፉ። ትንሽ ቆይተው ሽምብራ በስፒናች የተሠራበት ድስት ይዘው መጡ። ዘይት ነው፣ ቅቤ የለውም፣ ሥጋ አልነካውም እያሉ አንድ በአንድ ማሉላቸው። እናታችን በዚያች ቀን ያለቀስኩት በድካም እንዳይመስላችሁ ብለዋል።

አንድ ምክርም ጨምረዋል። እዚያ ምስር ወጥ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ቋሊማ ስለሚገባበት የሚጾም ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ማደሪያዎቹ ውስጥ ደግሞ የአቅምህን ክፈል የሚሉ አሉ። እዚያ የሚያስተናግዱት በፈቃዳቸው ጊዜያቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ራሳቸው መንገዱን የሄዱ ናቸው። ስለዚህ የአቅምህን ማለት በነፃ ማለት እንዳይመስላችሁ፣ የሚቀጥለውን መንገደኛ እራት የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ ብለው ተቆጡ።

መልስ 8

ከሙኒክ የጻፈ ወንድም ነው፤ የክሩ ከባዱ መልስ ይህ ነው። እንግዳ ተቀባይነታቸውን ስታወራ ቀለምህን የረሳህ ትመስላለህ አለኝ። እሱ ከሦስት ነጭ ጓደኞቹ ጋር ከሳልዝቡርግ ወደ ሙኒክ ሲመለስ ፖሊሶች ባቡር ውስጥ ገቡ። ፉርጎው ሙሉ ሰው እያለ ወረቀት የተጠየቀው እሱ ብቻ ነው። ጓደኞቹ ያኔ ምን እንደሚሉ ጠፋቸው፣ መስኮት መስኮት አዩ። ከፖሊሶቹ ይልቅ ያመመው ይህ ነው። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር ጀምራለች፤ በኦስትሪያ በኩል ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሸንገን ነው፣ ማንም አይጠይቅም ብላችሁ ፓስፖርትና መኖሪያ ፈቃዳችሁን ቤት እንዳትተዉ አለ። ፎቶ ኮፒ አይበቃም።

መልስ 9

የተበሳጨ ሌላ አንባቢ ጣልቃ ገባ። ሁሉን ነገር ከዘር ጋር ማያያዝ ሰልችቶናል የሚል ነው። ቀጥሎ የመጡት አራት አምስት መልሶች እርስ በርስ መሰዳደብ ስለነበሩና የመድረኩ አስተባባሪ ስላነሳቸው አልተርካቸውም።

መልስ 15

ከነዚያ ሁሉ በኋላ አንዲት እህት በእርጋታ ጻፈች። ለሙኒኩ ወንድም እውነትህን ነው፣ በኔም ደርሷል አለችው። ከጣልያን ወደ ፈረንሳይ በቬንቲሚሊያ በኩል ስታልፍ እሷን ብቻ ውረጂ አሏት። አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት ግን ቦርሳቸውን አነሱና እኔም እወርዳለሁ አሉ። ከፖሊሶቹ ጋር በፈረንሳይኛ ተከራከሩላት። ወረቀቷ ታይቶ እስኪመለስላት ድረስ መድረኩ ላይ አብረዋት ቆሙ። በዚያው ባቡር፣ በዚያው ሰዓት ሁለቱም ነገር ደረሰብኝ፤ አንዱን ለመናገር ሌላውን መካድ የለብኝም ብላ ጽፋለች። የሙኒኩ ወንድምም አመስግኗታል።

መልስ 16

ይህ የኔ ነው። ለመልስ 8 የጻፍኩት ይህንን ነው። የንብ አናቢው ቤት የደረሰብን መልካም ነገር በሌላው ላይ የደረሰውን አይሽርም። እኔ የምሟገተው አውሮፓ ሁሉ ደግ ነው ብዬ አይደለም። ደጉ ሰው የሚገኝበት ቦታና ፍጥነት አለ ነው የምለው። ስለ ጓደኞቹ መስኮት ማየት ደግሞ ብዙ አሰብኩ። አብሮን የሚጓዝ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ከመነሳታችን በፊት መነጋገር አለብን። የቬንቲሚሊያዋ አሮጊት ያደረጉትን ጓደኛ ማድረግ ካልቻለ ችግር ነው።

መልስ 17

በመጨረሻ አንድ ሰው ሁለተኛውን ጥያቄዬን አስታወሰ። በርሊን ያለ ተማሪ ነው። ጓደኛ ግድግዳ ነው ይላል። አራት ሀበሻ አንድ ጠረጴዛ ከበበ ማለት ሙሉ ሠርግ ነው፤ ማን ደፍሮ ይገባል? አማርኛ እያወራን፣ እየሳቅን፣ ከራሳችን ስልክ ዘፈን እየከፈትን ሰው አላናገረንም እንላለን። የኛው ጓደኛ ከሽማግሌው አጠገብ የተቀመጠችው ባቡሩ ስለሞላ እንደሆነ አስተውሏል። ባቡሩ ባዶ ቢሆን ሦስታችሁም አንድ ላይ ትቀመጡ ነበር፤ ሽማግሌውም ካርቶናቸውን ይዘው በሰላም ይወርዱ ነበር አለ።

ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። በትክክል አይቶታል። ከፍጥነቱ እኩል የሚቆጠር ነገር ነው፤ እኔ በመክፈቻው ጽሑፍ አልነካሁትም።

መልስ 18 እና 19

ሁለቱም ያንኑ ተቀብለው መላ ጨመሩ። የመጀመሪያው ቡድን ሆነው ሲሄዱ ጠዋት ጠዋት ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ ብቻውን ይዞራል፤ ማታ ያገኘውን ይዞ ይመጣል። ሌላዋ ሆስቴል ስትይዝ የጋራ ወጥ ቤት ያለውን ትመርጣለች። ሽንኩርት ሲቁላላ ሰው ራሱ ይመጣል ትላለች። በርበሬ ከቦርሳዋ አይጠፋም።

መልስ 20

ከሳራዬቮ የተመለሰ ወንድም ነው፤ ክሩን ወደ ቡና ወሰደው። የቦስኒያ ቡና እንደኛው ጊዜ የሚጠይቅ ነው ይላል። በትንሽ የመዳብ ዕቃ ተፈልቶ፣ ከነዕቃው በትሪ ይቀርባል፤ ሲኒ፣ ስኳርና ሎኩም የሚባል ጣፋጭ አብሮት አለ። ብዙ ጊዜ ጎረቤት ተጠርቶ ነው የሚጠጣው። ያከራየችው ሴትዮ ጓደኞቹን ሁሉ አስቀምጣ፣ በ1992 ተጀምሮ እስከ 1996 ስለዘለቀው ከበባ፣ ውሃ ለመቅዳት እየሮጡ ስለሚሻገሩት መንገድ ነገረቻቸው። እነሱም ከአገራቸው ጦርነት ነገሯት። ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ከሳራዬቮ ወደ ሞስታር በባቡር ሂዱ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፣ መንገዱ በኔሬትቫ ወንዝ ሸለቆ ያልፋል ብሎ መክሯል። ሞስታር ላይ ከ1566 ጀምሮ ቆሞ ያለውን ድልድይ ታያላችሁም አለ።

መልስ 21

አጭር እርማት ነው። ያኛው ድልድይ ቆሞ አልቆየም። በጦርነቱ በኖቬምበር 9 1993 በመድፍ ፈርሷል። አሁን ያለው እንደቀድሞው ተደርጎ የተሠራና በ2004 የተመረቀ ነው። እርማቱ ተገቢ ነው፤ ሞስታር የሄደ ሰው ይህን ሳያውቅ ድልድዩ ላይ ፎቶ ተነስቶ መመለስ የለበትም።

መልስ 22

ከሮም የጻፉ ጋሼ ናቸው። ብዙ ዓመት እዚያ ኖረዋል። ሮም ለሚሄድ ሀበሻ የሰው ልብ መክፈቻ ስም አለ፤ አበበ ቢቂላ ይባላል አሉ። በሴፕቴምበር 10 1960 ማታ በባዶ እግሩ ሮጦ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር የገባበትን፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የፈጀበትን ሩጫ በልጅነታቸው ቆመው ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። አንድ የጋዜጣ ሻጭ ለጋሼ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ እንዳየው ነግሯቸዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ የጋዜጣ ገንዘብ አይቀበላቸውም። ሩጫው የሚያልፈው የአክሱም ሐውልት ያኔ ቆሞበት በነበረው አደባባይ ነበር፤ ቦታውን ሄዳችሁ እዩ፣ ሐውልቱ አሁን እዚያ የለም አሉ።

መልስ 23

ይህን ያነበበ አንድ ሰው ተቆጣ። ሐውልቱን በ1937 የወሰዱት እነማን ሆነው ነው? በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታትን የጨረሱት እነማን ናቸው? ስለ ጣልያን ደግነት ማውራት ያሳፍራል አለ። ጋሼም በክብር መለሱ። ሐውልቱ በ2005 ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ሲቆም አልቅሰዋል፤ አያታቸውም አርበኛ ነበሩ። ነገር ግን በ1960 የሰባት ዓመት ልጅ የነበረ ጋዜጣ ሻጭ የግራዚያኒን ዕዳ አልከፍልም ቢለኝ ትክክል ነው ብለዋል። ተቆጪው አልተስማማም። እዚያው ላይ ቆመ፤ ማንም አላስገደደውም።

መልስ 24

ከኤርፉርት የጻፈው ወንድም ጉዳዩን ወደ ኋላ 400 ዓመት ገደማ ወሰደው። አውሮፓን ዞሮ የአገሬውን ሰው የተወዳጀ የመጀመሪያ ሀበሻ አይደለንም አለን። በቫቲካን ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች የሚባል የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ገዳማውያኖቻችን ያርፉበት የነበረ። ከአምሐራ የሆኑት አባ ጎርጎርዮስ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባለው ጀርመናዊ ወጣት ጋር የተገናኙት ሮም ውስጥ በ1649 ነው። ወዳጅነታቸው ጸና። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ አልፕስን ተሻግረው ጎታ ከተማ፣ ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዱ። ሉዶልፍ አማርኛ የተማረውና ግዕዙን ያጠናከረው ከእሳቸው ነው፤ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 አሳትሟል። አባ ግን አገራቸው ሳይገቡ በ1658 መርከብ ተሰብሮ በባሕር ቀሩ። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ከኤርፉርት በባቡር ቅርብ ነው። ወንድማችን እንግዳ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚወስደው እዚያ ነው።

ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት አውቀው ነበር፤ እንደ መንገደኛ ታሪክ ግን አስቤው አላውቅም። አባ ጎርጎርዮስ ቪዛ የሚጠይቃቸው ባይኖርም፣ ቀርፋፋ መንገድ ነበር የሄዱት፤ ጎታም ወራት ተቀመጡ።

መልስ 25 እና 26

አንዷ ማስጠንቀቂያ ጻፈች። ደግ ሁሉ ደግ አይደለም። ፓሪስ ሞንማርትር ደረጃው ሥር፣ ሚላኖም ዱዎሞ አደባባይ ላይ ወንድሜ፣ አፍሪካ እያሉ እጅ ይዘው ክር የሚያስሩ አሉ፤ ከዚያ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ቀጥሎ የጻፈው ሰው መለያውን አስቀመጠ። ሥራውን ይዞ፣ መንገዱን እየሄደ ያለ ሰው ቢያናግርህ አትፍራ። አንተን ሲጠብቅ የቆመ ከሆነ ግን እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

መልስ 27

የምትመጣው ሰኔ ከእህቶቿ ጋር የምትወጣ ልጅ ጠየቀች። ለሚያስተናግዱን ሰዎች ከአገር ቤት ምን ይዘን እንሂድ? እናቷ ከጎንደር ልትመጣላት ነው፤ ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣና ማር ልታስመጣ አስባለች።

መልስ 28

ሥራው ከዕቃ ማስገባት ጋር የተያያዘ የሚመስል ሰው በዝርዝር መለሰ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በሻንጣ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ ቋንጣውም ቅቤውም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይቀራሉ፤ መቀጫም ሊኖር ይችላል። ማር ግን ለራስ ፍጆታ በሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ክዳኑን አጥብቃችሁ በፕላስቲክ ጠቅልሉትና የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ስለሆነ በእጅ አይገባም። የተቆላ ቡና ችግር የለውም። ጀበና የምትወስዱ ከሆነ ግን እንዳይሰበር በእጅ ሻንጣ፣ በሹራብ ጠቅልላችሁ ያዙት።